የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክሬኑ እሑድ ብቻውን የሚዞረው ለምንድን ነው?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች የተላኩ ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁትም ስለ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ማሽኖች እንዴት እንደሚሠሩ ነው። ከተማዋ የምትሰፋው በዳር በኩል ስለሆነ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ፣ ከአቃቂ እስከ ለገጣፎ፣ የሚያነሣ፣ የሚበሳ፣ የሚቀጠቅጥ ወይም የሚያስር መሣሪያ በመንገድ ዳር ሲሠራ የማይታይበት ቀን የለም፤ መንገደኛውም ጉዳዩን ለጊዜው ትቶ ቆም ብሎ ይመለከታል። እኛ ይህንን የሥራ ፈት ልማድ ብለን አንቆጥረውም። ይሁን እንጂ መመልከትም ዘዴ አለው፤ ማሽኑን በጠቅላላው ከማየት ይልቅ አንዱን ክፍል መርጦ፣ ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ዓይንን ከእሱ ሳይነቅሉ መከተል ብዙ ምሥጢር ይገልጣል። መልሶቻችንንም የጻፍነው አንባቢ በዚሁ መንገድ ራሱ ሄዶ እንዲያረጋግጣቸው በማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤታችን ፊት ለፊት ትልቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ባለፈው እሑድ ሠራተኛም ሆነ ኦፕሬተር በሌለበት ክሬኑ ቀስ እያለ ሲዞር አይቼ ደነገጥኩ። ፍሬኑ ተበላሽቶ ይሆን? ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥር ክሬኑም አብሮት ከፍ ይላል፤ እሱን የሚያነሣ ሌላ ክሬን ግን አላየሁም። ይህስ እንዴት ይሆናል?
*ከቱሉ ዲምቱ*

መልስ፦ ፍሬኑ አልተበላሸም። መደንገጥ የሚገባው ክሬኑ እንዳይዞር ታስሮ ቢያድር ነበር። ኦፕሬተሩ የዕለቱን ሥራ ጨርሶ ከመውረዱ በፊት መንጠቆውን ከጭነት ነጻ አድርጎ ወደ ላይ ይሰበስበዋል፤ ከዚያም የመዞሪያውን ፍሬን ሆን ብሎ ይለቀዋል። ከፊት ያለው ረጅም ክንድ ከኋላ ካለው አጭር ክንድ የበለጠ ነፋስ ስለሚቀበል፣ ነፋስ ሲነሣ ክንዱ ዞሮ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያመለክታል። በዚህ አኳኋን ሲቆም ነፋሱ የሚገፋው የክንዱን ሰፊ ጎን ሳይሆን ጠባቡን ገጽታ ስለሚሆን፣ ምሰሶውን ለመጣል የሚታገለው ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። በሰፈርዎ ከአንድ በላይ ክሬን ካለ በሚቀጥለው እሑድ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በነፋሻማ ቀን ሁሉም ክንዳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰው ያገኟቸዋል።

ስለ እድገቱ የጠየቁት ከዚህም የላቀ ብልሃት አለበት። ክሬኑ መጀመሪያ የሚተከለው በተሽከርካሪ ክሬን እርዳታ ሲሆን፣ የምሰሶው ግርጌ በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ውስጥ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ግን ከፍ የሚለው በራሱ ጉልበት ነው። ወደ ላይ አንጋጠው ቢመለከቱ፣ ከመዞሪያው ሥር ምሰሶውን ከውጭ አቅፎ የያዘ፣ በአንድ ወገኑ ክፍት የሆነ የብረት ቀፎ ያያሉ። ዓይንዎን የሚያሳርፉት በዚህ ቀፎ ላይ ነው።

ክሬኑ በራሱ መንጠቆ አዲሱን የምሰሶ ክፍል ከመሬት አንሥቶ በቀፎው ክፍት ወገን ባለው ማንሸራተቻ ላይ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ሌላ ክብደት ያነሣና በክንዱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ፣ የፊቱና የኋላው ክንድ እኩል የሚመዝኑበትን ነጥብ ይፈልጋል። ሚዛኑ ሲገኝ የላይኛውን ክፍል ከምሰሶው ጋር የሚያያይዙት ቡለኖች ይፈታሉ። በዚህች ሰዓት ክንዱ፣ የኦፕሬተሩ ክፍልና ከኋላ የተሰቀሉት የኮንክሪት ክብደቶች በሙሉ የሚያርፉት በቀፎው ላይ ብቻ ነው። የቀፎው የሃይድሮሊክ ጃክ በምሰሶው ላይ ያለውን ጉጥ ተደግፎ ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋል፤ የጃኩ ዝርጋታ ከአንድ የምሰሶ ክፍል ርዝመት ስለሚያንስም ከገፋ በኋላ ሸክሙን በማረፊያ ላይ አሳርፎ ይሰበሰባል፣ ከፍ ያለውን ጉጥ ተደግፎ እንደገና ይገፋል። ክፍተቱ ሲበቃ አዲሱ ክፍል ተንሸራቶ ይገባና ከታችም ከላይም በቡለን ይታሰራል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ክንዱን ማዞር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ነፋስ በበረታበት ሰዓትም ሥራው አይጀመርም። ከተወሰነ ከፍታ በላይ ምሰሶው ብቻውን መቆም ስለማይችል በብረት ማያያዣ ከሕንፃው ጋር ይታሰራል፤ ሕንፃው ሲያልቅም ክሬኑ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ኋላ እየተመለሰ ይወርዳል።

ሳይጠይቁን አንድ ነገር እንጨምር። ክሬን ሲሠራ የሚመለከት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንጠቆውን ያያል፤ ልብ ሊለው የሚገባው ግን መንጠቆው ከምሰሶው የሚርቅበትን ርቀት ነው። በ12 ሜትር ርቀት 10 ቶን የሚያነሣ ክሬን በ60 ሜትር ርቀት 2 ቶን እንኳ ላያነሣ ይችላል። 10 በ12 ሲባዛ 120 ነው፤ 2 በ60 ሲባዛም ያው 120 ነው፤ ከጭነቱ ጋር የሚሄዱት የመንጠቆውና የገመዱ ክብደት ደግሞ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ከባድ ጭነት ሲሆን መንጠቆው ወደ ምሰሶው ተጠግቶ እንደሚሠራ፣ ኦፕሬተሩ ቢዘነጋ እንኳ መቆጣጠሪያው ጭነቱ ወደ ውጭ እንዳይሄድ እንደሚያግደው ይወቁ።

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት እየተማርኩ ነው። አስተማሪያችን የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር ይቆላለፋል ይሉናል። ነገር ግን መርፌው ጨርቁን ወግቶ በገባበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አልፎ አይቀርም። ታዲያ የላይኛው ክር የታችኛውን እንዴት ሊዞረው ይችላል? ደግሞም መኪናዬ አልፎ አልፎ ስፌት ይዘላል።
*ከቡራዩ*

መልስ፦ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን በስፌት መኪና እየሠራ ይህን ጥያቄ ሳያነሣው ይኖራል፤ እርስዎ ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ስላነሡት በጣም ደስ ብሎናል። ችግሩን በትክክል አይተውታል። የላይኛው ክር አንዱ ጫፍ በጥቅሉ ላይ፣ ሌላው ደግሞ በተሰፋው ጨርቅ ላይ የተያዘ ነው። ሁለት ጫፉ የተያዘ ክር ሌላውን ክር ሊዞር የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም የታችኛው ክር ከነቦቢኑ፣ ማለትም ከተጠቀለለበት ትንሽ ማጠንጠኛ ጋር፣ በላይኛው ክር ቀለበት መካከል ሙሉ በሙሉ ሲያልፍ ነው። የማይመስል ነገር ነው፤ ማሽኑ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው፣ በእያንዳንዱ ስፌት።

መኪናዎን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ በእግር የሚሠራ ከሆነ እግርዎን ከመርገጫው ያንሡ። ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር ያድርጉ፤ የቦቢኑን ክዳን ከፍተው የእጅ ጎማውን በዝግታ ወደ ራስዎ ያዙሩ። መርፌው ታች ደርሶ መውጣት እንደጀመረ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ያቁሙት። በመርፌው በአንድ ጎን ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ቦይ አለ፤ ክሩ በዚያ በኩል ከጨርቁ ጋር ሳይፋተግ ከመርፌው ጋር መመለስ ይችላል። በሌላው ጎን ግን ቦይ ስለሌለ ክሩ ከጨርቁ ጋር ተፋትጎ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መርፌው ሲወጣም መሄጃ አጥቶ በጎኑ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ከታች የሚዞረው ክር ያዥ መንጠቆ፣ ሹሉ ሜንጦ፣ በመርፌውና በክሩ መካከል የሚገባው ግን ልክ በዚያች ቅጽበት ነው።

አሁን ሜንጦውን ይከተሉ። ቀለበቱን ይዞ እየዞረ ያሰፋዋል፤ ግማሹን በቦቢኑ ቤት ፊት፣ ግማሹን በጀርባው ያሳልፈዋል። ይህ ሊሆን የቻለው የቦቢኑ ቤት ከማሽኑ አካል ጋር በምንም ስላልተያያዘ ነው። በሜንጦው እቅፍ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ አብሮ እንዳይዞር የምትከለክለው አንዲት የብረት ጣት ብቻ ናት፤ በጣቷና በቤቱ መካከልም ክር የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። በወንዝ መካከል እንዳለ ደሴት ነው፤ ክሩ በሁለት ወገን ከብቦት ያልፋል፣ እሱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ቀይ ክር ነጩን ቦቢን ዞሮ ሲጨርስ ከላይ ያለው ክር ሳቢ ዘንግ ወደ ላይ ተነሥቶ ትርፉን ክር ይሰበስባል፤ ቁልፉም በጨርቁ ውፍረት መካከል ገብቶ ይጠብቃል። ጨርቁን ወደ ፊት የሚገፉት ጥርሶች የሚነሡት መርፌው ከጨርቁ ከወጣ በኋላ ነው።

በፋብሪካ መኪናዎች ሜንጦው ለአንድ ስፌት ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ በመጀመሪያው ዙር ክሩን ያሳልፋል፣ በሁለተኛው ዙር ባዶውን እየዞረ ክሩ እስኪሳብና ጨርቁ እስኪሄድ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ሁሉ በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። በዓይን ማየት የማይቻለውን ያህል የፈጠነውን ነገር በእጅ ጎማ ቀስ አድርጎ ማየት መቻሉ የስፌት መኪና ትልቁ ጸጋው ነው ብለን እናምናለን።

የመርፌው ቀዳዳ በሹሉ ጫፍ በኩል መሆኑም የዚሁ ብልሃት አካል ነው። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ቀዳዳው በጫፉ ባለ መርፌና በሁለት ክር በሚሠራ መኪና ነበር፤ ይስሐቅ ሲንገር የራሱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ የሚዞረው ሜንጦም በዚያው ዓመት በአለን ዊልሰን ስም ተመዝግቧል።

ስፌት የሚዘለው ሜንጦው ቀለበቱን ሳያገኘው ሲቀር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መርፌውን ይመርምሩ። ጫፉ የደነዘ ወይም ጥቂት የጎበጠ ከሆነ ይለውጡት። ወደ ላይ እስከ መጨረሻው መግባቱን፣ ቦዩም በትክክለኛው ወገን መሆኑን ያረጋግጡ፤ መርፌው ተገልብጦ ከገባ ቀለበቱ ሜንጦው በሌለበት ጎን ይሠራልና። ወፍራም ክር በቀጭን መርፌ መስፋትም ይህንኑ ችግር ያመጣል። እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው አሁንም የሚዘል ከሆነ የመርፌውና የሜንጦው ጊዜ ተዛብቷል ማለት ስለሆነ ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት። ነጩ ክር በጨርቁ የላይ ገጽ ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየዎት ደግሞ የላይኛው ክር ከሚገባው በላይ ጠብቋል፤ ጥቂት ያላሉት።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሙሉ ቀን ቆመን ተመለከትን። ከጉድጓዱ ነጭ አረፋ እየገነፈለ ይወጣ ነበር። አንዳንዶች ውኃው የተበከለ ነው አሉ። እውነት ነው?
*ከአቃቂ*

መልስ፦ አረፋው ከመሬት የመጣ ሳይሆን ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ያስገቡት ነው። የአካባቢያችሁ መሬት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይና ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ የተደራረበበት ነው፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ ብዙ ውኃ የሚሰጡትም ውኃ በእነዚህ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚከማች ነው። እንዲህ ያለውን ጠንካራ ድንጋይ በማዞር ብቻ መብሳት አድካሚ ስለሆነ፣ መዶሻው ከላይ ሳይሆን ከጉድጓዱ ታች፣ ከመሰርሰሪያው ራስ በላይ ይደረጋል። የምትሰሙት ትልቅ ጩኸት አየር ከሚያምቀው ማሽን፣ ከኮምፕረሰሩ፣ የሚመጣ ነው። የታመቀው አየር በቧንቧው ውስጥ ወርዶ በመዶሻው ውስጥ ያለውን ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል፤ ፒስተኑም ጠንካራ የብረት ጉብታዎች ያሉበትን ራስ ይደበድባል። ቧንቧው እጅግ በዝግታ የሚዞረው ጉብታዎቹ በእያንዳንዱ ምት አዲስ ቦታ እንዲያገኙ ነው፤ ስለዚህ የመዞሩ ዝግታ ማሽኑ ደከመ ማለት አይደለም።

ሥራውን የጨረሰው አየር ደግሞ ባዶ አይመለስም፤ የተፈጨውን ድንጋይ በቧንቧውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ወደ ላይ ይዞ ይወጣል። ጉድጓዱ ሲሰፋና ሲጠልቅ አየሩ ብቻውን ይህን ማንሣት ስለሚያቅተው አረፋ የሚፈጥር ፈሳሽ ይጨመርለታል፤ አረፋው የድንጋዩን ፍርፋሪ አቅፎ ያወጣዋል። ቁፋሮው ሲያልቅ ጉድጓዱ ጥርት ያለ ውኃ እስኪሰጥ ድረስ በአየር ይታጠባል፤ ከዚያም ፓምፕ ገብቶ የውኃው መጠን ይለካል፣ ናሙናውም ይመረመራል። ስለ ጥራቱ የሚፈረደው በምርመራው ውጤት እንጂ በቁፋሮው ቀን በታየው አረፋ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚወጣውን ፍርፋሪ ቀለም ይመልከቱ፤ ቆፋሪዎቹ በየተወሰነ ጥልቀቱ ናሙናውን በተራ የሚያስቀምጡት የመሬቱን ድርብርብ ከእሱ ስለሚያነቡ ነው።

ጥያቄ፦ የብሎኬት ማሽን ቅርጹን ሲያነሣው ብሎኬቱ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እርጥብ ሆኖ እንዴት አይፈርስም?
*ከለገጣፎ*

መልስ፦ እርጥብ ቢመስልም ድብልቁ ውኃው በጣም ያነሰ ነው፤ በእጅ ጨብጠው ቢለቁት የእጅዎን ቅርጽ ይዞ ይቀራል እንጂ አይፈስም። የማሽኑ ንዝረት ፑሚሱና (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አሸዋው ክፍተት እየፈለጉ እንዲጠጋጉ ያደርጋል፤ ከላይ የሚጫነው ብረትም ያጠባብቃቸዋል። ብሎኬቱን በዚያች ሰዓት ያቆመው መጠጋጋቱ ነው፤ ሲሚንቶው ገና አልያዘም። ጥንካሬውን የሚያገኘው በቀጣዮቹ ቀናት ውኃ ሲጠጣ ስለሆነ፣ ብሎኬት ሲገዙ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣቱን ይጠይቁ። በፀሐይ የተሰጣና ያልጠጣ ብሎኬት ሲያዩት ያማረ ቢሆንም በጣት ሲፈትጉት ይፈረፈራል።

ጥያቄ፦ በጥቅምትና በኅዳር በእኛ በኩል ድርቆሽ በትራክተር ማሽን ይታሰራል። ማሽኑ ሲባጎውን ያለ ሰው እጅ ይቋጥረዋል። ይህ እንዴት ይሆናል? አንዳንዱ እስር ደግሞ ገና ከማሽኑ ሲወርድ የሚፈታው ለምንድን ነው?
*ከሱሉልታ*

መልስ፦ በሱሉልታ ሜዳ ብዙው ድርቆሽ ዛሬም በሰው ጉልበት ስለሚታሰር፣ ማሽኑ የመጣ ቀን ሕዝብ መሰብሰቡ አያስገርምም። መቋጠሪያው ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ለእኛ ግን እስከ ዛሬ ካየናቸው የብረት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥብን እሱ ነው። ለዚህ ብልሃት መሠረት የሆነውን መቋጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ የሠራው ጆን አፕልቢ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው የታጨደ ስንዴን ለማሰር ነበር።

የሲባጎው አንዱ ጫፍ ከመጀመሪያው አንሥቶ በመቋጠሪያው መያዣ ተነክሶ ይቆያል። ድርቆሹ እየታመቀ ሲሄድ ሲባጎውን እየገፋ በሦስት ጎኑ ይጠቀለልበታል። የእስሩ ርዝመት ሲሞላ ትልቁ ጎባጣ መርፌ ከታች ተነሥቶ ሁለተኛውን ሲባጎ በአራተኛው ጎን ወደ መቋጠሪያው ያደርሰዋል፤ ሁለቱ ሲባጎዎች ጎን ለጎን በአንዲት የብረት ምንቃር ላይ ይጋደማሉ። ምንቃሯ አንድ ሙሉ ዙር ትዞራለች። በመዞሯ ሲባጎዎቹ በራሷ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ዙሩን ልትጨርስ ስትል አፏን ከፍታ ሁለቱንም ትነክሳለች። በዚያው ቅጽበት ቢላዋው ከኋላዋ ይቆርጣቸዋል። ቀጥሎ አንድ ክንድ መጥቶ የተጠመጠመውን ቀለበት ከምንቃሯ ላይ ጠርጎ ያወልቀዋል፤ ቀለበቱ ሲወልቅ በአፏ የያዘቻቸው ጫፎች በመካከሉ ስለሚያልፉ ቋጠሮው ይጠብቃል። መርፌው ወደ ታች ሲመለስ ለቀጣዩ እስር የሚሆነውን ሲባጎ አስይዞ ነው የሚሄደው። ይህ ሁሉ ከአንድ ትንፋሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

እስሩ የሚፈታበትን ምክንያት ለማወቅ የተፈታውን ሲባጎ አይጣሉት፤ ጫፎቹን ይመርምሩ። ቋጠሮው በአንዱ ጫፍ ብቻ ካለ፣ አንደኛው ሲባጎ ምንቃሯ ላይ አልደረሰም ወይም መያዣው ላልቶ ቀድሞ አምልጧል። ሁለቱም ጫፎች ያለ ምንም ቋጠሮ ቀጥ ብለው ከተገኙ ምንቃሯ ጨርሶ አልነከሰችም፤ ብዙ ጊዜም ምላሷን የሚጫነው ስፕሪንግ ላልቶ ይገኛል። ጫፉ የተተለተለና የተበጣጠሰ ከሆነ ቢላዋው ደንዝዟል። የድርቆሽ ብናኝና ገለባ በመቋጠሪያው ሥር ስለሚከማች ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየጧቱ ማጽዳት፣ ውፍረቱ ወጥ ያልሆነ ሲባጎም አለመጠቀም ይገባል። መቋጠሪያውን ቀርበው ማየት ከፈለጉ ትራክተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ በኦፕሬተሩ እጅ ከገባ በኋላ የማሽኑን ከባድ ማዞሪያ ጎማ (ፍላይዊል) በእጅ እንዲያዞርልዎ ይጠይቁት፤ ጎማው በሚዞርበት ጊዜ እጅዎን ከመርፌዎቹ መንገድ አርቀው ምንቃሯን ብቻ ይከተሉ።